ወደ ራስ የሚስቡ ሁለት ጣቶች

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ በሩ ጋ የቆማችሁም ግቡና ቦታ ያዙ። የምነግራችሁ ነገር መንገዱ ረጅም ነው፤ ባሕር ያሻግራል፣ ሆስፒታል ያስተኛል፣ ፍቅርም አለበት። ቡናው እስኪፈላ ጊዜ አለን። የማጫውታችሁ ስለ አንድ ወንበር ነው፤ ሰፈር ውስጥ ሁላችንም ዊልቸር ስለምንለው፣ ያውም ሰው ከኋላ ቆሞ ስለሚገፋው ሳይሆን በባትሪ በራሱ ስለሚሄደው፣ እጅና እግሩ የከዳው ሰው ተቀምጦበት ወደ ወደደው ስለሚሄድበት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምቆጥርላችሁ፤ ነገሩ የሆነው በእነሱ አገር ነውና።

አንድ ልጅ ነበር። ስሙ ኤድ ሮበርትስ ይባላል። በ1939 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተደቡብ ባለችው በሳን ማቴዮ ተወለደ። ስፖርት የሚወድ፣ እግሩ ቤት የማይበረክት ልጅ ነበር። ከዚያም 14 ዓመት ሲሆነው፣ በ1953፣ ትኩሳት ያዘው፤ ትኩሳቱም የልጅነት ልምሻ ሆነ፤ ፖሊዮ የምንለው። ክትባቱ ተፈትኖ ይሠራል ተብሎ ለዓለም የተነገረው በ1955 ነው። ሁለት ዓመት ብቻ! እስቲ አስቡት፤ እናት ይህችን ሁለት ዓመት ዕድሜዋን ሙሉ ስታሰላት አትኖርም?

በጥቂት ቀናት ውስጥ ልጁ ከአንገቱ በታች አልታዘዝ አለው። የቀሩለት በአንድ እጁ ሁለት ጣቶችና ጥቂት የእግር ጣቶች ናቸው። ይቺን የሁለት ጣት ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን። ልምሻ ጡንቻን እንጂ ስሜትን አይወስድምና ሲነኩት ይሰማዋል፣ ሲበርደው ይሰማዋል፣ ዝንብ ግንባሩ ላይ ስታርፍ ይሰማዋል፤ እሽ ብሎ ማባረር ግን አይችልም። ትንፋሹም ከዳው። ከዚያም የብረት ሳንባ በሚሉት መሣሪያ ውስጥ አስተኙት። ይህ መሣሪያ ሰው የሚያጋድም ትልቅ የብረት በርሜል ነው፤ ጭንቅላት ብቻ ወደ ውጭ ይቀራል፤ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ያለ ነገር ከበርሜሉ አየር ሲስብ የበሽተኛው ደረት ይነሣል፣ ሲመልስ ይወርዳል፤ እንዲህ ሌሊትና ቀን እየተነፈሰለት ይኖራል። ክብደቱ ከሦስት ኩንታል ተኩል በላይ ነው።

እናቱ ዞና ትባላለች። ሐኪሙን ይተርፍልኛል ወይ ብላ ብትጠይቀው፣ እንዲሞት ቢመኙለት ይሻላል፣ ቢተርፍም ዕድሜውን ሙሉ እንደ አትክልት ተኝቶ መቅረቱ ነው አላት። ልጁም ይህን ሰማ፤ ተኝቶ ነው እንጂ ደንቁሮ አይደለም። ሰምቶም ምግብ አልበላም አለ። በቱቦ አበሉት፤ እሱ ግን እየመነመነ ሄደ። ከዚያም አንድ ቀን፣ ስታስታምመው የነበረችው የመጨረሻዋ ነርስ ተሰናብታ ስትወጣ፣ ለመኖር ቆረጠና መብላት ጀመረ። ካደገ በኋላ ያንን የአትክልት ነገር እያነሣ፣ አትክልት ከሆንኩ አይቀር አርቲቾክ ልሁን ይል ነበር፤ አርቲቾክ ከላይ እሾሃም፣ ልቡ ግን ለስላሳ ነው፤ እንደኛው በለስ በሉት።

ቤቱ ተመለሰ። ቀን ቀን ከበርሜሉ ውጭ ለመቆየት እንደ እንቁራሪት አየር እየጎረሱ ወደ ሳንባ መዋጥን ተማረ፤ ብዙ ልፋት ያለበት ትንፋሽ ነው፤ ሲመሽ ወደ ብረቱ ይመለሳል። ትምህርቱንም በስልክ መከታተል ጀመረ፤ መምህሩ ክፍል ውስጥ ሲናገር እሱ ቤቱ ሆኖ ይሰማል። ዓመታት አለፉ። ከዚያም ዞና በቃ አለች፤ በሳምንት አንድ ቀንም ቢሆን ከሰው መሐል ትገባለህ አለችው። እሱ ፈራ፤ ሰው ዓይኑን ይጥልብኛል ብሎ ነው የፈራው፤ እውነትም ጣለበት። ወንበሩ ላይ ተንጋልሎ ግቢው ውስጥ ሲገባ የተማሪው ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ሆነ። እሱም ቀና ብሎ አያቸው፤ ሲያያቸውም ዓይናቸውን ሰበሩ። በዚህ ጊዜ፣ ይህ ነገር የእኔ ሳይሆን የእነሱ ጭንቀት ነው ብሎ አሰበ፤ እንደ ፊልም ተዋናይ መታየት ነው ብዬ ካሰብኩት ምን ይጎዳኛል ብሎም ልቡን አደላደለ። ሥራዬ ብላችሁ አስቡት፤ ገና ያልጠና ልጅ ነው ይህን ያሰበው።

ትምህርቱን ጨረሰ። ሊመረቅ ሲል ግን ትምህርት ቤቱ ዲፕሎማውን ከለከለው። ሁለት ኮርስ ይቀርሃል አሉት፤ አንዱ ስፖርት ነው፣ ሌላው መኪና መንዳት። ከአንገቱ በታች የማይንቀሳቀሰውን ልጅ መንዳት አልተማርክም አሉት! ዞና ዝም አላለችም፤ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው፣ ከታችኛው ሹም ወደ ላይኛው እያለች እስከ ትምህርት ቦርዱ ድረስ ሄደች፤ ከዚያም ዲፕሎማው ተሰጠ። ይቺን የመንዳት ነገርም ያዙልኝ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ባለው ኮሌጅ ገባ፤ እዚያም ጂን ወርዝ የምትባል አማካሪ አገኘ። ሴትዮዋ ከሰው ሁሉ ተለይታ በጣም ረጅም ነበረችና ሰው ሲያፈጥብህ ምን እንደሚመስል ታውቃለች፤ በርክሌይ ወዳለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሂድ አለችው። የመልሶ ማቋቋሚያ መሥሪያ ቤቱ ግን ወጪህን አንሸፍንም አለ፤ እንዲህ የተጎዳ ሰው ሥራ መቼም አይዝም፣ ገንዘቡ ይባክናል ነው ምክንያቱ። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣና ውሳኔው ተሻረ። ዩኒቨርሲቲውም በበኩሉ የብረት ሳንባውን የሚሸከም መኝታ ቤት አልነበረውም፤ ሕንጻዎቹ ያን ክብደት አይችሉም። መጨረሻ ላይ የተማሪዎች ጤና አገልግሎት ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ሄንሪ ብሩይን፣ ግቢው ውስጥ ባለው በካውል ሆስፒታል ማደር ይችላል አሉ። ዓመቱ 1962 ነው። በዚያው መከር ጄምስ ሜሬዲዝ የሚባል ጥቁር ወጣት በፌዴራል ፖሊስ ታጅቦ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። አንዱ በቀለሙ፣ አንዱ በወንበሩ፣ ሁለት በር በአንድ ወቅት ተከፈተ።

በርክሌይ ዳገትና ቁልቁለት ያለባት፣ ጠዋት ጠዋት ከባሕሩ ጉም የሚወጣባት ከተማ ናት። ኤድ እዚያ የፖለቲካ ሳይንስ ተማረ። ወንበሩ ግን የሚገፋ ወንበር ነበር። ክፍል ሲሄድ ረዳት ይገፋዋል፤ ደረጃ ሲመጣ ሰዎች አንሥተው ያወጡታል፤ ወደ ቀኝ ማየት ሲፈልግ ወደ ቀኝ አዙሩኝ ብሎ መለመን ነው። ሌላ ቦታም በወንበር የሚገፋ ሰው ባየሁ ቁጥር የማስተውለው ነገር አለ፤ ሰው ሰላም የሚለው ገፊውን ነው። «እንዴት ነው፣ ተሻለው?» ብሎ የሚጠይቀውም ገፊውን ነው። የተቀመጠው ሰው ግን እንደሌለ ይታለፋል።

ከዚያም፣ ወገኖቼ፣ ፍቅር ያዘው። እንደ ሰው ሁሉ ያዘው። ፍቅረኛው አጠገቡ ትሄዳለች፤ ረዳቱ ከኋላ ይገፋል፤ በጆሮዋ ሊነግራት የፈለገውን ሁሉ ሦስተኛ ሰው ይሰማዋል። አንድ ሰሞን እንዲህ ሆነ፤ ከዚያ ግን ልቡ እምቢ አለ። በሞተር ስለሚሄደው ወንበር አሰበ። አስቀድሞ ግን፣ አንተ ያንን ወንበር ፈጽሞ መንዳት አትችልም ተብሎ ነበር። ለምን እንደተባለ ለመረዳት፣ ያ ወንበር ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

ወደ ካናዳ እንሂድ። በ1942 ካናዳውያን ወታደሮች ፈረንሳይ ጠረፍ ላይ ባለችው ዲየፕ ወርደው ብዙ ሰው አለቀባቸው፤ እዚያ ከቆሰሉት አንዱ ጆን ካውንሰል የሚባል መኮንን ነው፤ እግሮቹ ከዱት። ከዚያ ጦርነት በፊት አከርካሪው የተመታ ሰው ብዙ አይቆይም ነበር፤ ቁስሉ ወይም ኩላሊቱ ይገድለው ነበር። ፔኒሲሊንና የተሻለ ሕክምና ሲመጣ ግን ወጣቶቹ መትረፍ ጀመሩ፤ ተርፈውም አልጋ ላይ ቀሩ። ካውንሰል በ1945 የካናዳ ፓራፕሌጂክ ማኅበርን፣ እግራቸው የከዳቸውን ሰዎች ማኅበር፣ ካቋቋሙት አንዱ ነው፤ ለጓዶቹ ወንበር ሲለምንና ሲሟገት ኖረ። እጃቸውም ጭምር ላልታዘዘላቸው ግን በእጅ የሚነዳው አይረዳም። በብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ውስጥ ጆርጅ ክላይን የሚባል፣ በ1904 የተወለደ መሐንዲስ ነበር፤ ሥራው ለእሱ ተሰጠ። ክላይን ከቁስለኞቹና ከሐኪሞቻቸው ጋር ሆኖ ነው የሠራው። ለግራው ጎማ አንድ ሞተር፣ ለቀኙ ጎማ አንድ ሞተር ሰጠ፤ አንዱ ፈጥኖ ሌላው ሲዘገይ ወንበሩ ይታጠፋል፤ ሁለቱንም የሚያዝዘው አንዲት ትንሽ ዘንግ፣ ጆይስቲክ የሚሏት ናት። ወደ ፊት ሲገፏት ወደ ፊት፣ ወደ ጎን ሲገፏት ወደ ጎን። ካናዳ ይህን ወንበር በ1955 ለአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት ሰጠች፤ በብዛት ይመረት ብላ። ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ ያው የመጀመሪያው ወንበር ወደ አገሩ ወደ ካናዳ ተመለሰ።

አሁን ወደ ኤድ እንመለስ። ወደ ፊት ሲገፏት ወደ ፊት ብያችኋለሁ። የኤድ ሁለት ጣቶች ግን መግፋት አይችሉም። መሳብ ብቻ ነው የሚችሉት፤ ወደ ራሱ። ስለዚህ ነበር አትችልም የተባለው፤ ያ ጆይስቲክ በእሱ እጅ ቢሰጥ ወንበሩ ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚሄደው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቆሞ ነበር። ኤድ ግን፣ ጆይስቲኩ ያለበት ሳጥን ቢዞርስ አለ። ፊቱን ወደ ኋላ አድርገው ቢገጥሙት፣ እኔ ወደ ራሴ ስስብ ወንበሩ ወደ ፊት መሄድ አለበት። አዞሩት። ሄደ! አንድ ቀን ሙሉ ሲለማመድ ዋለና በዚያው ቀን ቻለው። መንዳት አልተማርክም ተብሎ ዲፕሎማ የተከለከለው ልጅ በአንድ ቀን መንዳት ተማረ፤ ከዚያም ማንም ሳይገፋው፣ ማንም ሳይሰማው፣ ከፍቅረኛው ጎን ሄደ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ ከመካከላችሁ ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ያለው፣ ወንበር ልግዛ ወይም ከውጭ አገር ዘመድ ይላክልኝ ብሎ የሚያስብ ይኖራል። ሁልጊዜ የሚጀመረው ከሞተሩ ወይም ከዋጋው ነው፤ ይህ ልቤን ያሳዝነዋል። መጀመሪያ ከሰውየው አጠገብ ተቀምጦ፣ የሚታዘዝልህ የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ነው። ጣት ከሆነ ጣት፤ አገጭ ከሆነ ጆይስቲኩ ከአገጩ ሥር ይገጠማል፤ ራሱን ወዲያና ወዲህ ማድረግ ከቻለ የትራስ መደገፊያው ራሱ መሪ ይሆናል፤ ትንፋሽ ብቻ ከሆነ የቀረው፣ በቀጭን ቱቦ እፍ ሲል የሚሄድ፣ ሲመጥ የሚቆም ወንበር አለ። ጠዋት የሚታዘዝ እጅ ማታ ይደክማልና፣ ሲደክመውም ይፈትነው። ፍጥነቱና አስተጣጠፉም በባለሙያ እጅ ይስተካከላል፤ ለጀማሪ ቀስ ይደረግለታል፤ ሲለምድ ይጨመርለታል።

ከዚያ መቀመጫው ነው። ኤድ ስሜቱ አልጠፋምና ሲቆረቁረው ይናገራል። አከርካሪው የተጎዳ ሰው ግን ሥጋው ሲታመም አይሰማውም፤ አንድ ቦታ ላይ ብዙ ከተቀመጠ ደሙ ተገትቶ ቆዳው ይሞታል፤ የመኝታ ቁስል የምንለው ያ ነው፤ ስንት ሰው የገደለ ቁስል ነው። ስለዚህ አየር ወይም ጄል ያለው ትራስ፣ ወንበሩም ከነሰውየው ወደ ኋላ ጋደል የሚል ቢሆን፣ ክብደቱ ከመቀመጫው ወደ ጀርባው ይዛወራል፤ ይህንንም ቀኑን ሙሉ ቶሎ ቶሎ ማድረግ ነው። ይህ ቅንጦት የሚመስለው ሰው አለ፤ ከባትሪው እኩል አስፈላጊ ነው እላለሁ። ስለ ጎማውም ስንነጋገር፣ የሚነዳው ጎማ መሐል ላይ የሆነ ወንበር ጠባብ ቤት ውስጥ ባለበት ይሽከረከራል፤ ወጣ ገባ መሬት ላይ ግን የፊትና የኋላው ትንንሽ ጎማ ተደግፎ ዋናው ጎማ መሬት ሊያጣ ይችላል። ኮብልስቶኑ በተነሣበት መንደር ለሚኖር ይህ ትልቅ ነገር ነው። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈርም ባትሪውን ሌሊት መሙላት ብቻውን አይበቃም፤ መብራት ባለ ጊዜ ሁሉ መሰካት ነው። ወንበሩ ሰው ሳይቀመጥበት ከአንድ ኩንታል ሊበልጥ ይችላልና፣ ከመግዛት በፊት የበሩን ስፋትና የደጁን እርከን በሜትር መለካት ነው። አየሁ ስንቱን፤ ተሸምቶ ሳሎን ጥግ ጨርቅ ተጥሎበት የቀረውን። ይህን ካልኩ ወደ ጨዋታዬ ልመለስ።

ከኤድ በኋላ ሌሎችም መጡ። ጆን ሄስለር የሚባል፣ ውኃ ውስጥ ጠልቆ አንገቱን የተሰበረ ወጣት በ1963 ካውል ገባ፤ ከዚያም አንድ በአንድ እየተጨመሩ ወደ 12 ሆኑ። ለራሳቸው የሚሽከረከሩት የሚል ዓይነት ስም አወጡ። ማታ ማታ በወንበራቸው ተሰልፈው ወደ ከተማው ይወርዳሉ፤ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ግን ይቆማሉ። አንድ ስንዝር የማይሞላ ድንጋይ ነው፤ የእኔና የእናንተ እግር የማያስተውለው። ሞተር ያለው ወንበር ይዘውም ድንጋይ ያግታቸዋል። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱን ወጥረው ያዙ፤ በ1971 የበርክሌይ ምክር ቤት የእግረኛ መንገዶቹ ጠርዝ እየተቆረጠ ተዳፋት እንዲሆን ወሰነ። ኋላ ላይ ልጅ በጋሪ የምትገፋ እናት፣ ሻንጣ የሚጎትት መንገደኛ፣ ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌ ሁሉ በዚያ ተዳፋት ሄደ።

ወንበሮቹ ደግሞ ይሰበሩ ነበር። ለሆስፒታል ኮሪደር የተሠራ ነገር ዳገት ሲወጣ፣ ዝናብ ሲመታው፣ ቀኑን ሙሉ ሲሄድ ምን ይሁን! ወንበሩ ከቆመ ባለቤቱም ይቆማል፤ ዕቃው እስኪመጣ አልጋ ላይ ነው። ስለዚህ ልጆቹ የራሳቸውን የዊልቸር ጥገና ከፈቱ። እኔ ይህን የታሪኩን ክፍል ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ስለ መብታቸው የሚናገሩበት ቤትና ብሎን የሚጠብቁበት ቤት አንድ ነበር። በ1972 የነጻ ኑሮ ማዕከል የሚሉትን ድርጅት በርክሌይ ውስጥ አቋቋሙ፤ ረዳት የሚያገናኝ፣ ቤት የሚያፈላልግ፣ ወንበር የሚጠግን፤ የሚመሩትም አካል ጉዳተኞቹ ራሳቸው።

በ1975 ደግሞ የካሊፎርኒያ ገዢ ጄሪ ብራውን ኤድን ጠርተው የግዛቲቱ የመልሶ ማቋቋሚያ መሥሪያ ቤት ኃላፊ አድርገው ሾሙት። አዎን፣ ያው መሥሪያ ቤት ነው፤ ይህ ሰው ሥራ አይዝም ብሎ ፋይሉን የዘጋው። ወንበሩን እየነዳ ገባበት። ከዚያ በኋላ አገባ፣ ልጅ ወለደ፣ ባሕር ተሻግሮ ብዙ አገር ዞረ፤ በየሄደበትም ወንበሩን እየነዳ ነው።

ኤድ በመጋቢት 1995 በ56 ዓመቱ አረፈ። በዚያው ዓመት ወዳጆቹ ወንበሩን ወደ ዋሽንግተን ወስደው ስሚዝሶኒያን ለሚባለው ሙዚየም ሰጡት። አሁንም እዚያ ነው። መቀመጫው የመኪና መቀመጫ ነው፤ ወደ ኋላ ይንጋለላል፤ ሰውየው ሲደክመው ጀርባውን እንዲያሳርፍ። ከኋላው የመተንፈሻ መሣሪያው የሚቀመጥበት ቦታ አለ። የሚታጠፍ መወጣጫም ይይዛል፤ እርከን ያለበት በር ቢያጋጥመው ዘርግቶ የሚያልፍበት። ከፊቱም መብራት አለው፤ ማታ ለመውጣት።